የጎለመሰው ግቢ

አንድ ምላሰ ስል ገበሬ በሬው ተሰርቆበት ፊታውራሪ ይመኑ ግቢ ሊከስ ሄደ። በረኛው ለአጋፋሪው፣ አጋፋሪው ለእልፍኝ አስከልካዩ፣ እሱም መልሶ ለበረኛው ሲቀባበሉት ጢሙ እምብርቱን አልፎ ወረደ። ልቡ ግን ከበሬው አልተነሳም፤ ያለ እሱ ማሳው ዳዋ ለብሷል።

ከስንት ጊዜ በኋላ ችሎት ቀርቦ «ዘገየብኝ» ቢል፣ ፊታውራሪ ተቆጡ።

«አንተ፣ የግቢዬ አሠራር ጎልምሷል ወይስ ገና ልጅ ነው? ልጅ ነው ካልህ ትገረፋለህ። ጎልምሷል ካልህ፣ ዘገየብኝ ያልኸው ውሸት ነውና በሬህን እርሳው።»

ገበሬው ዞር ብሎ የባለጉዳዩን ሰልፍ አየና ፈገግ አለ።

«ጎልምሷል እንጂ ጌታዬ። እኔንም ቢሆን ሌባዬ እስኪደርስ ብሎ ነው ያቆየኝ። የሰረቀኝን በሬ ሌላ ሌባ ሰርቆበት፣ ይኸው ሊከስ መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል።»