ጨው ቀማሾቹ የጃርት ልጆች

ተረት አለኝ፤ «አውጪው» በሉኝ። ዝም ካላችሁኝ እዚያው ሆዴ ውስጥ ይቀራል፣ ኋላ እኔን እንዳትወቅሱ። በሉ እንግዲያው ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙ።

ድሮ፣ ድስትም ጨውም አፍ አውጥተው በሚናገሩበት ዘመን፣ እመት ጃርቲት የምትባል ጃርት ነበረች። ሦስት ልጆች ነበሯት፤ ትልቁ ወስፌ፣ መካከለኛዋ መርፌ፣ ትንሹ ስንጥር። ያኔ አውሬው ሁሉ ፍልሰታን ይጾም ነበር። ጅብ እንኳ ሞክሮ እስከ ረፋድ ዘልቋል። እመት ጃርቲት ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውኃ በአፏ አይዞርም። ልጆቿም እንጾማለን ብለው ተነስተው ነበር፤ የማታ ድንች ተርፎ ሲያዩ ሐሳባቸውን ለወጡ።

አንድ ቀን አማቷ እማማ ጦሬ ለብቻዋ መልእክት ላኩባት። «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት መጥቼ ወጥሽን እቀምሳለሁ። እንደ ባለፈው ጨው ካነሰው ወይም ከበዛበት ልጆቹን ይዤ እሄዳለሁ። ወጥ በማታውቅ እናት እጅ አያድጉም» አሏት። እማማ ጦሬ ደግሞ ካሉ አሉ ነው።

እመት ጃርቲት ወዲያው ወደ ጓዳ ገባች። ለልጆቹ ግን ምንም አልነገረችም፤ እንግዳ ይመጣልና እንሥራ ብቻ አለቻቸው። ክረምት ስለሆነ ጓዳው ውስጥ ያለው አዲስ ድንችና ጎመን ነው። ወስፌ ድንቹን ላጠ፣ መርፌ ጎመኑን ቀነጠሰች፣ ስንጥር ሽንኩርት እንዲልጥ ታዘዘና እንባው ከውኃው ቀድሞ ድስቱ ውስጥ ገባ። ሽንኩርቱ ተቁላላ፣ እርዱ ተነሰነሰ፣ ድስቱ ተንተከተከ። እመት ጃርቲትም በግምት ጨው ጣል አደረገች።

ጾመኛ ወጥ አይቀምስም። ስለዚህ በየቤቱ እንደሚደረገው ልጆቿን ጠራችና በጭልፋ እየቀዳች መዳፋቸው ላይ ጠብ ታደርግላቸው ጀመር።

መጀመሪያ ወስፌ ላሰ። ጨዉ ልክ ነበር። ነገር ግን ልክ ነው ካለ ቅምሻው ሊያበቃ ነው። ትንሽ አሰበና «ይቀረዋል እማዬ። ደግሞ ጠብታዋ አታስታውቅም፤ ከድንቹ ጋር ቢሆን ይሻላል» አለ። እናቱም ጨው ጨመረች፣ ድንችም ጨለፈችለት።

ወስፌ ለእህቱ በጆሮዋ ሹክ አላት። መርፌ ላሰችና «ይቀረዋል። እስካሁን የቀመስነው ከዚህኛው ጥግ ነው፤ በዚያኛው ጥግ ምን እንዳለ ማን ያውቃል?» አለች። እናቷም ጨው ጨመረች፣ ከዚያኛው ጥግ፣ ከመሃሉ፣ ከታቹም ጨለፈችላት።

ይሄኔ ድስቱ «እየጎደልኩ ነው፣ ልንገራት ወይ?» ብሎ ጨዉን አማከረው። ጨዉ ተቆጣ። «አርፈህ ተቀመጥ። ዕድሜዬን በሙሉ በቁንጣሪ ስፈለግ ኖሬ ገና ዛሬ በእፍኝ ተፈለግሁ» አለው።

በመጨረሻ የስንጥር ተራ ደረሰ። አፉን ሞልቶ ጎረሰ፣ ፊቱ ተጨማደደ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቢሆንም ከታላላቆቹ ማነስ አልፈለገም። «ይ… ይቀረዋል» አለና ሮጦ አንድ ቅል ውኃ ጠጣ። ድስቱ ከዚህ በላይ አልቻለም።

«እመት ጃርቲት፣ እስቲ ጎንበስ ብለሽ እዪኝ። እኔ ጋ የቀረው ወጥ አይደለም፣ ጨው ነው» አለ።

ጎንበስ ብላ አየች። ግማሹ የለም። ጭልፋውን አስቀመጠች። አልጮኸችም፣ አልመታቻቸውም፤ የአማቷን መልእክት ብቻ ነገረቻቸው። ልጆቹ ክው አሉ። ስንጥር እናቱን ጭምቅ አድርጎ ያዘና መጀመሪያውኑ ልክ እንደነበር እያለቀሰ ተናዘዘ። እሾኩ ወጋት፤ እሷ ግን አልለቀቀችውም።

ሦስቱም ልጆች ውጭ ዝናቡ ውስጥ ገብተው ድንች ቆፈሩ። አጠቡ፣ ላጡ፣ ያለ ጨው ድስቱ ውስጥ ከተቱ፣ ውኃ ቸለሱበት። ድንቹ በሰለ። ሦስቱም አንድ አንድ ጠብታ ላሱ። በጣም ስለጠገቡ ሁለተኛ የጠየቀ አልነበረም። «ልክ ነው፤ ሌላ እንዳትሰጪኝ» አለ ስንጥር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማማ ጦሬ እሾካቸውን አራግፈው ገቡ። ጎረሱ፤ በቀስታ አላመጡ። ደግመው ጎረሱ፤ አሁንም አላመጡ። ልጆቹ ከእናታቸው ጀርባ ተደበቁ። ኋላ እማማ ጦሬ ቀና ብለው ጨዉ ልክ መሆኑን መሰከሩና ማን እንደቀመሰላት ጠየቋት። እሷም ሦስቱን አሳየቻቸው።

«ዕድለኛ ነሽ ልጄ» አሉ እማማ ጦሬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ብቻዬን ጾሜ ብቻዬን ስሠራ የሚቀምስልኝ የለም። የእኔን ወጥ ብታይ፣ ውሻም አይልሰው። ልጆቹን ልውሰድ ያልኩት ለዚሁ ነው።»

እመት ጃርቲት አማቷን እንዲህ ሆነው አይታቸው አታውቅም፤ አንጀቷን በሏት። «ታዲያ ልጆቹን ከሚወስዱ፣ ድስትዎን ይዘው እዚህ አይመጡም?» አለቻቸው።

በማግስቱ ማለዳ ድስታቸውን ተሸክመው መጡ። ጾሙ እስኪፈታ ድረስም እዚያው አብረው ከረሙ። እሱስ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ልጆቹ አሁን የሚቀምሱት ሁለት ድስት ሆነ፤ እማማ ጦሬ ደግሞ የልጅ ልጅ ደግሜ ልቅመስ ሲላቸው እንቢ ማለት አያውቁም።

እናንተም ከልጅ ጋር የምትሠሩ ሁሉ፣ ለሚበላው ብቻ አትቀቅሉ፤ ለሚቀመሰውም ጨምራችሁ ቀቅሉ። እኔ ተረቴን አወጣሁ፤ እናንተ ደግሞ ከድስቱ አንድ ድንች አውጡልኝ።