ዋኖሶችና የእሜቴ ጦጣ ጠጠሮች

አንድ ጊዜ በአንድ ሐይቅ ዳር ብዙ ዋኖሶች ይኖሩ ነበር። ውሃ ሊጠጡ በወረዱ ቁጥር ጭልፊት ከሰማይ ይወረወርባቸዋል። ያን ጊዜ ሁሉም ነፍሴ አውጪኝ ብለው በየፊናቸው ይበተናሉ፤ ጭልፊቱም ብቻዋን የቀረችውን ለይቶ ይነጥቃል። ከሥር ደግሞ አያ ጅቦ ትርፍራፊ ይለቅማል።

አንድ ቀን ልጇን የተነጠቀች ዋኖስ እያለቀሰች ወደ እሜቴ ጦጣ ሄደች።

«እሜቴ፣ አውራ መርጠን እሱን ብንከተል ይሻለን ይሆን?»

«አውራው የተነጠቀ ዕለት ማንን ልትከተሉ ነው?» አለች ጦጣ። «እስቲ ሦስት ቀን ስጪኝ።»

ጦጣ ዛፍ ላይ ወጥታ በጠራው ውሃ ውስጥ የሚዋኙትን ትንንሽ ዓሦች ስታይ ሰነበተች። አዞ ሲመጣባቸው ያ ሁሉ ዓሣ በአንድ ጊዜ ይታጠፋል፤ የሚያዛቸው ግን የለም። ወርዳ አሸዋው ላይ ጠጠር ደረደረችና እንደ ዓሦቹ ልታንቀሳቅሳቸው ሞከረች። እያንዳንዱ ጠጠር ሁሉንም ይከተል ስትል ተዘበራረቀባት። በሦስተኛው ቀን፣ ቅርብ ጎረቤቶቹን ብቻ ይከተል ስትል ግን ጠጠሮቹ ልክ እንደ ዓሦቹ አብረው ዞሩ።

ዋኖሶቹን ሰበሰበቻቸው። «እያንዳንዳችሁ አጠገባችሁ ያሉትን ስድስት ሰባት ጎረቤቶች ብቻ እዩ። እንዳትጋጩ ትንሽ ራቅ በሉ። ወደ ዞሩበት ዙሩ። ከመካከላቸው አትውጡ።»

«ይኸው ነው?» አለች እናቲቱ።

«ይኸው ነው። የቀረው ራሱ ይመጣል።»

በማግስቱ ጭልፊቱ መጣ። ዋኖሶቹ ተነሡ። ዳር ያለችው ታጠፈች፤ ጎረቤቶቿ ታጠፉ፤ የእነሱም ጎረቤቶች ታጠፉ። ዐይን እስኪጨፈን እስኪገለጥ መንጋው ሁሉ እንደ አንድ ትልቅ ክንፍ ተገለበጠ። ጭልፊቱ ሦስት ጊዜ ተወርውሮ ሦስት ጊዜ አየር ጨብጦ ተመለሰ።

«ወንድሜ፣ ይህ ሁሉ ሥጋ ፊትህ እያለ አንዷን አጣህ?» አለው አያ ጅቦ።

«አንዷን ለይቼ ሳልጨርስ ሌላዋ ትሸፍናታለች» አለና ጭልፊቱ ሌላ አገር ፍለጋ ሄደ።

አያ ጅቦ ግን አንዷ መውደቋ አይቀርም ብሎ ሽቅብ እንዳንጋጠጠ ሲከተላቸው ሳያውቀው ሐይቁ ውስጥ ወደቀ።

እናቲቱ ዋኖስ ያን ቀን በመንጋው መካከል ሆና፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ በሐይቁ ላይ እየዞረች ዘመረች።

ከዚህ የምንማረው፣ እያንዳንዱ ከጎኑ ላለው ጎረቤቱ ከተጠነቀቀ አዛዥ የሌለው ደካማ ወገንም ጉልበተኛን እንደሚያሸንፍ ነው።