የእማማ ተዋቡ አውራ ጣት

የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደልም እገድፋለሁ። ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት እንደምንም ነውና ይቅርታ አድርጉልኝ።

በአንድ ወቅት የከተማችን ፖስታ ቤት አዲስ ሥራ ጀመረ። ሰው በአካል ቀርቦ አሻራውን ይሰጥና ማንነቱ ይረጋገጥለታል። ከዚያ በኋላ የታሸገ ደብዳቤ በስልኩ ይደርሰዋል፤ ከባለቤቱ በቀር ማንም አይከፍተውም። ሸክላ ሠሪዋ እማማ ተዋቡ የሚሠሩበት ቦታ የእሳቸው መሆኑን ማዘጋጃ ቤቱ በዚህ መንገድ ሊጠይቃቸው ነው ተባለ። እስከ ዓርብ ካልመለሱ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ማንበብ ስለምችል ሰኞ አብሬያቸው ሄድኩ። የአሻራ መሣሪያው ጣታቸውን እንቢ አለ። የጭቃ ሥራ የጣታቸውን መስመር አጥፍቶታል።

«ገበያተኛው ሁሉ እንስራዬን የሚለየው በአውራ ጣቴ ምልክት ነው። ይሄ ዕቃ ብቻ ነው የማያውቀኝ?» አሉ።

የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ጋሼ ልሳኑ ሳቀ። «እስከ ሐሙስ ጭቃ አይንኩ፤ እኔ በየቀኑ እሞክራለሁ» አላቸው። ምሳውን እየተወ ጣታቸውን ቅቤ እየቀባ ሞከረ። ሐሙስ አውራ ጣታቸው አለፈ።

በእነዚያ ቀናት የታዘዙትን ስምንት ድስቶች የሠራችላቸው የገበያ ተቀናቃኛቸው እትዬ ዘውዴ ነች።

«የእርስዎ ድስት ጆሮው ጠማማ ነው፤ አቃናሁልዎ!» ብላ አሾፈች።

«ወሬሽን ተይና ጭቃውን አቡኪ!» አሏት።

ከድስቶቹ ሥር ግን የራሷን ምልክት አላደረገችም።

ዓርብ ደብዳቤው መጣ። መክፈቻው ሐሙስ ዕለት እማማ ራሳቸው ያስገቡት አራት ቁጥር ነው፤ እሱን ረሱት። ሁለቴ ተሳሳቱ። ሦስተኛ ከተሳሳቱ ይቆለፋል።

«እማማ፣ እዚያ ቦታ ሥራ የጀመሩበት ዓመት ይሆን?» አልኩ ቀስ ብዬ።

ተከፈተ። «የእኔ ነው» ብለው መለሱ፤ ቦታው ጸናላቸው።

«ይቺ ዝምተኛ ጠንቋይ ናት!» አለች አብራን የነበረችው እትዬ ዘውዴ፣ ወደ እኔ እያየች።

እማማ ከሰኞ በፊት የሠሩት አንድ ትልቅ እንስራ ነበራቸው። «ቦታዬን ላተረፈልኝ ሰው ነው። ማን እንደሆነ እናንተው ተነጋገሩ» አሉ። እስካሁን ፖስታ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ሁላችንም ውኃ እንጠጣበታለን።

ፍርዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ግን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ። ሐሙስ ጋሼ ልሳኑ «ቁጥር ሲያስገቡ ፊታችሁን አዙሩ» ሲል እኔም አዞርኩ። ጣታቸው የሚነካው ቁጥር ግን በመስኮቱ መስታወት ይታይ ነበር፤ ዓመተ ምሕረት ይመስላል። ዓይኔን መጨፈን እችል ነበር፤ አልጨፈንኩም።

እንስራው ለማን ይገባል?