እታለማሁና የማይነሳው ሰርቪስ

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። ይህን ተረት ሳወራ ደሜ ይፈላል፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ይብስብኛል፤ ስለዚህ ላውራው።

እታለማሁ የምትባል ሴት ነበረች። በወይዘሮ ደብሪቱ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ትተክላለች። ጠዋት ቁልፍ፣ ከሰዓት ቁልፍ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የካፖርት ቁልፍ፣ ዓይኗ እስኪፈዝ ድረስ ቁልፍ። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መቀስ። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ለክታ፣ ራሷ መቁረጥ።

አንድ ቀን መቀሱን ሰጥተዋት ነበር። «ርዝመቱን ሦስት አራተኛ አድርጊው» አሏት። ሦስት አራተኛ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ለመጠየቅ ደግሞ አፈረች። እንደመሰላት ቆረጠችው። ለሚዜ ታስቦ የተገዛው ጨርቅ ለሕፃን ልጅ እንኳ የሚያጥር ቀሚስ ሆኖ ቀረ። ቤቱ ሁሉ ሳቀባት። እሷም ወደ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ዋለች።

ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ክፉ ሴት አይደሉም። «ስሚ እታለማሁ» አሏት፣ «ቆራጩ ሥራ ሊለቅ ነው። ኮሌጁ ሒሳብን ከመሠረቱ ያስተምራል ይላሉ። መመዝገብሽን የሚያሳይ ወረቀት ዛሬ ካመጣሽ መቀሱን ላንቺ አቆይልሻለሁ። ካላመጣሽ ግን ነገ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ፤ ሥራ ይቁም አልልም።» ምዝገባው የሚዘጋው ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።

እታለማሁ ምሳዋንም ሳትበላ ወደ ኮሌጁ ሮጠች። የምዝገባው መስኮት ላይ ማኅደር የምትባል መዝጋቢ ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ ሒሳብ ከመሠረቱ ልማር ነው የመጣሁት። መዝግቢኝ።»

ማኅደር ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገች። «ኮርሱስ አለ። ደረጃው ግን አልተሞላም። የደረጃ ኮድ ከሌለው ሲስተሙ አይቀበለኝም። ፎቅ ላይ ኮድ የሚሰጠው ሰውዬ አለ፤ እሱን አነጋግሪው።»

መዝጋቢዋ አልመዘግብም አለች፤ እታለማሁም መቀሱ ሊቀርባት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጡት ሰዎች ሁሉም ባለማዕረግ ናቸው። እኔ ግን አንቱታዬን በወይዘሮ ደብሪቱ ጨርሻለሁ፤ አትቀየሙኝ።

ኮድ ሰጪው ዳምጠው ይባላል። «ጌታዬ፣ ለሒሳቡ ኮድ ይስጡልኝ» አለችው እታለማሁ። ዳምጠው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ደስ ብሎት ማስረዳት ጀመረ። ማስረዳት ይወዳል።

«እኛ ጋ ደረጃ የሚቆጠረው ከላይ ወደ ታች ነው፣ እህቴ። ከላይ ዋናው ሙያ አለ፤ የልብስ ቅድ። ከሱ ሥር ያለው ኮርስ ሀ ይባላል፤ እሱ ልኬት ነው። ከሀ ሥር ያለው ለ ይባላል፤ ምናልባት ያንቺ ሒሳብ ይሆናል። ግን ልኬት ሀ መሆኑ ሳይረጋገጥ ሒሳብን ለ ብዬ ብጽፍ፣ የሌለ ሰው ልጅ ነህ እንደማለት ነው። የልኬቷ መምህርት ደረጃዋን ትንገረኝ።»

ኮድ ሰጪው ኮድ አልሰጥም አለ፤ መዝጋቢዋ አልመዘግብም አለች፤ እታለማሁም መቀሱ ሊቀርባት ነው።

የልኬቷ መምህርት ውባለም በግቢው ወዲያኛው ጫፍ ነው ያለችው። እታለማሁ እያለከለከች ደረሰች። «መምህርት፣ ኮርስዎ ሀ መሆኑን ይናገሩልኝ።»

«ምን ብዬ?» አለች ውባለም ጠመኔዋን እያራገፈች። «ሀ ማለት ከዋናው ሥር ማለት ነው። ዋናው የልብስ ቅድ ዘንድሮ መከፈቱን ማን ነገረኝ? ካልተከፈተ የማን ሥር ነኝ? እኔ አየር ላይ ተንጠልጥዬ ሀ ነኝ አልልም። የቅድ ክፍል ኃላፊው ይክፈተው።»

መምህርቷ ደረጃዬን አልናገርም አለች፤ ኮድ ሰጪው ኮድ አልሰጥም አለ፤ መዝጋቢዋ አልመዘግብም አለች፤ እታለማሁም መቀሱ ሊቀርባት ነው።

እዚህ ላይ እኔ ብሆን ኖሮ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እጮህ ነበር። እታለማሁ ግን ያን የሚዜ ቀሚስ አስታወሰችና ወደ ቅድ ክፍል ኃላፊው ሄደች። ቢያድግልኝ ይባላል። በራፉ ላይ «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚል ተለጥፏል፤ እሱ ግን ብቻውን ተቀምጦ ጋዜጣ ላይ ያለውን መስቀለኛ የቃላት ጨዋታ ይሞላል።

«ጋሼ፣ የልብስ ቅዱን ኮርስ ይክፈቱልኝ።»

«በደስታ!» አለ ቢያድግልኝ። እታለማሁ ልቧ ዘለለ። «ዲኗ ከፈረመችልኝ አሁኑኑ እከፍተዋለሁ። ሳትፈርም ከከፈትኩ ግን ያለፈው ዓመት ዓይነት ጣጣ ይመጣል። እኔ ደግሞ ጣጣ አልወድም።» ብሎም ወደ መስቀለኛው ተመለሰ።

ኃላፊው ኮርሱን አልከፍትም አለ፤ መምህርቷ ደረጃዬን አልናገርም አለች፤ ኮድ ሰጪው ኮድ አልሰጥም አለ፤ መዝጋቢዋ አልመዘግብም አለች፤ እታለማሁም መቀሱ ሊቀርባት ነው።

ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። የዲኗ ቢሮ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ የዲን ቢሮ መሬት ላይ ሆኖ መቼ ታይቶ ያውቃል! ዲኗ ዶክተር የውብዳር ትባላለች። ትሕትና የሞላባት ሴት ናት፤ አስቀመጠቻት፣ ውኃም ሰጠቻት፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። እኔን ከሁሉም የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

«ይገባኛል እህቴ» አለች። «ግን እስቲ አብረን እናስብ። ከሥር ሒሳብ የሚማር ከሌለ ልኬት የሚማር ከየት ይመጣል? ልኬት የሚማር ከሌለስ ቅድ የሚማር ከየት ይመጣል? ተማሪ ለሌለው ኮርስ እንዴት ልፈርም? አንድ ተማሪ ብቻ ይገኝ፣ ወዲያው እፈርማለሁ።»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ ዶክተር!»

«ተመዝግበሻል?»

«አልመዘግብም አሉኝ እኮ!»

«አየሽ» አለች ዶክተር የውብዳር እያዘነች። «ያልተመዘገበ ሰው ለኛ ገና ተማሪ አይደለም። መጀመሪያ መዝጋቢዋ ጋ ሂጂ።»

ኧረ ጉድ! ዲኗ አልፈርምም አለች፤ ኃላፊው ኮርሱን አልከፍትም አለ፤ መምህርቷ ደረጃዬን አልናገርም አለች፤ ኮድ ሰጪው ኮድ አልሰጥም አለ፤ መዝጋቢዋ አልመዘግብም አለች፤ እታለማሁም ቀኑን ሙሉ ዞራ ዞራ የተነሳችበት መስኮት ላይ ልትመለስ ነው።

ተመለሰችም። ደረጃውን የወረደችው ዕንባዋን በመዳፏ እየጠረገች ነው። ስትደርስ ማኅደር ቦርሳዋን አንግታ፣ በአንድ እጇ ኮምፒውተሩን ልታጠፋ፣ በሌላው የመስኮቱን መስታወት ልትገፋ ነው። ውጭ የሠራተኞቹ ሰርቪስ ጡሩንባውን ይነፋል።

«ነገ ነይ» አለች ማኅደር።

«ነገማ ምዝገባው የለም!»

«እንግዲህ ለሚቀጥለው ዓመት።»

መስታወቱ ሲገፋ እታለማሁ ክንዷን እስከ ክርኗ መስኮቱ ውስጥ ሰደደችው። መስታወቱ መጥቶ ክንዷን ነከሰ።

«እጅሽን አውጪ እንጂ!»

«አላወጣም! ቀኑን ሙሉ ሁላችሁም አልፈልግም ስትሉኝ ዋላችሁ። አሁን ተራው የኔ ነው። አላወጣም!»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የዞረው። እታለማሁ እጄን አላወጣም አለች፤ መስኮቱ አልዘጋም አለ፤ መዝጋቢዋ መስኮቱን ሳልቆልፍ አልወጣም አለች፤ የሰርቪሱ ሹፌር ሞላልኝም መዝጋቢዋን ጥዬ አልነሳም አለ። ሞላልኝ ከዚህ በፊት እሷን ጥሎ ሄዶ ነበር፤ በማግስቱ ዲኗ ራሷ ጠርታ «ሁለተኛ አንድ ሰው እንኳ ጎድሎ እንዳትነሳ!» ብላ ተቆጥታዋለች። እሱም ቃሏን ይዞ ሞተሩን አጠፋና እጁን አጣምሮ ተቀመጠ።

ሰርቪሱ ውስጥ እነማን ተቀምጠዋል? ሁሉም! ዲኗ ልጇን ከመዋዕለ ሕፃናት ልትወስድ ትቸኩላለች። ኃላፊው የዕድር ስብሰባ አለበት። መምህርቷ ገበያው ሳይበተን ሽንኩርት ልትገዛ ነው። ኮድ ሰጪው ኳስ ሊያመልጠው ነው። ቀኑን ሙሉ አንዱ የሌላውን በር አንኳኩቶ የማያውቅ ሕዝብ አንድ መኪና ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣቦ ተቀምጧል።

«ሞላልኝ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለች ዲኗ።

«ማኅደርን።»

«ማኅደርስ ምን ትጠብቃለች?»

«አንዲት ሴት ክንዷን መስኮቱ ውስጥ ከታ አላወጣም ብላለች። ካልተመዘገብኩ ትላለች።»

 መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ አንገቱን አዙሮ ሁሉንም አየ።

«አቶ ቢያድግልኝ!» አለች ዲኗ። «የምፈርምበት ወረቀት የታለ?» ቢያድግልኝ ከጋዜጣው ሥር መዝዞ ሰጣት፤ ለካ ይዞት ነው የሚዞረው! ዲኗ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች። ዲኗ ስትፈርም ኃላፊው «ኮርሱ ተከፍቷል!» አለ። ኃላፊው ሲከፍት መምህርቷ «እንግዲያውስ ልኬት ሀ ነው!» አለች። መምህርቷ ስትናገር ኮድ ሰጪው አንገቱን በመኪናው መስኮት አውጥቶ «ማኅደር! ሒሳብ ለ ነው፣ ለ!» ብሎ ጮኸ። ኮድ ሰጪው ሲጮህ መዝጋቢዋ ቦርሳዋን እንዳነገበች ቁጭ ብላ ኮዱን መታች፣ ማተሚያው ወረቀቱን ተፋ፣ እታለማሁም በነፃ እጇ ተቀበለችው።

ይህ ሁሉ የፈጀው አንድ ሲኒ ሻይ የማያስጨርስ ጊዜ ነው። እስቲ አሁን አትናደዱ!

እታለማሁ ክንዷን ከማውጣቷ በፊት ወረቀቱን አየት አደረገች። «እህቴ፣ ለ ማለት ከሁሉም ሥር ያለው ነው አይደል?»

«አዎ፤ ከሱ በታች የለም።»

«እሰይ» አለች እታለማሁ። «እንግዲህ ወደ ታች የምትልኩኝ ቦታ የለም።» ክንዷንም አወጣች።

ክንዷ ሲወጣ መስኮቱ ተዘጋ፤ መስኮቱ ሲዘጋ መዝጋቢዋ ሮጠች፤ መዝጋቢዋ ስትሳፈር ሞላልኝ ሞተሩን አስነሳ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። እታለማሁን አሳፍረው ይሆን ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ሰርቪስ ተማሪ አይጭንም፤ ተማሪነቷ ደግሞ አሁን ተረጋግጧል። አቧራውን አልብሷት አለፈ።

ወይዘሮ ደብሪቱ የስፌት ቤቱን በር ሊቆልፉ ቁልፉን ይዘው ቆመው ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው አነበቡት። ወደ ውስጥ ተመልሰው ትልቁን መቀስ አምጥተው እጇ ላይ አኖሩት። ያን ጊዜ ነው ከክርኗ በላይ ያለውን ቀይ ሰንበር ያዩት።

«ውይ፣ ክንድሽን ምን አገኘው ልጄ?»

«ተመዝግቤ ነው እትዬ» አለች እታለማሁ፣ መቀሱን በሁለት እጇ አቅፋ።

የእኔ ተረት አለቀ፤ የእናንተንም ጉዳይ ቶሎ ይፈጽምላችሁ።