አይሄድም የተባለው በገና ሠሪ

አንድ መንክር የሚባል በገና ሠሪ ነበር። ባላምባራስ ስንሻው በሚባሉ ባለጸጋ ግቢ ውስጥ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ከመኳንንት ቤት እስከ ገዳም የሚደረደሩት በገናዎች ብዙዎቹ ከእሱ እጅ የወጡ ነበሩ።

ሲቀጠር ደመወዙ በወር ስድስት ቁና ጤፍ ነበር። በዐሥራ ስምንተኛው ዓመትም ያው ስድስት ቁና ነው። አንድ ቀን ሚስቱ አትጠገብ፣ "ጤፉ በሃያኛው ቀን ያልቃል። የቀረውን ዐሥር ቀን የእህቴን ደጅ ስጠና አፈርኩ" አለችው።

መንክር ባላምባራስ ፊት ቀርቦ እጅ ነሣ። "ጌታዬ፣ ልጆቼ አራት ሆኑ። ስምንት ቁና ቢያደርጉልኝ" ሲል ለመነ።

ባላምባራስ ክፉ ሰው አልነበሩም። ፈገግ ብለው፣ "አንተ እኮ የታደልክ ነህ! ስንቱ የሚጠላውን ሥራ እየሠራ ያረጃል። አንተ የምትወደውን ትሠራለህ፤ ከዚህ በላይ ምን ደመወዝ አለ? ደግሞ ደጄ ላይ የቆሙትን ተመልከት፤ በነጻም ቢሆን እንሥራ የሚሉ ናቸው" አሉት።

መንክር እጅ ነሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሥራውን መውደዱ እውነት ነበርና። በሳምንቱ ግን አንድ ነጋዴ አሞሌ ጨው የሚጭንና የሚያራግፍ ሰው እንደሚፈልግ ሰማ። ክፍያው በወር ዐሥራ ሁለት ቁና ነው። ሄደ።

ልጆቹ ጠገቡ። እሱ ግን መንገድ ላይ በገና የሚሠራበትን የዋንዛ ዛፍ ባየ ቁጥር ቆም ብሎ ግንዱን ያንኳኳል፤ ጆሮውን አስጠግቶም "ይኼ ድምፅ ነበረው" ይላል። በዐቢይ ጾም በገና ከሚደረደርበት ቤት ሲደርስ አጥሩ ሥር ይቆማል፤ ጨው የጫኑት በቅሎዎች ርቀው ሲሄዱ የጉዞ ጓደኞቹ ተመልሰው ይጠሩታል።

በባላምባራስ ግቢ ወጣቶች ገቡ። እነሱም ሥራውን ይወዱታል። ነገር ግን ሙያው እጃቸው ሊገባ ሲል ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ስድስቱ ቁና አልበቃ ይላቸዋል፤ ይሄዳሉ። ሌላ ጀማሪ ይተካል። እንዲህ እየሆነ ሰባት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ አንድ አረጋዊ መነኩሴ የገዙትን በገና ይዘው መጡ። "ባላምባራስ፣ ሲያዩት ያምራል፤ ግን አብሮኝ አይጸልይም" ብለው መለሱት።

ባላምባራስ በቅሎ አስጭነው ገበያ ወረዱ። መንክርን ከአሞሌ ክምር አጠገብ አገኙት።

"ተመለስ። የፈለግኸውን ያህል ቁና እሰጥሃለሁ።"

"ያን ጊዜ የለመንኩዎት ሁለት ቁና ጭማሪ ነበር፤ ለምን ከለከሉኝ?"

ባላምባራስ አቀረቀሩ። "ትሄዳለህ ብዬ አላሰብኩም።"

"እኔም አላሰብኩም ነበር" አለ መንክር።

በማግስቱ ሮጦ መጣ ማለት ይቻላል። የመነኩሴውን በገና አቅፎ ተቀመጠ። የበገና ድምፅ ነፍስ የሚዘራው ከየአውታሩ ሥር የምትገባዋ ትንሽ ቆዳ የፀጉር ያህል ስትገፋ ነው፤ ይህንንም የሚያውቀው የጣት ጫፍ ብቻ ነው። መንክር ገፋ፣ መታ፣ አዳመጠ። እንደገና ገፋ። ጨው የበላቸውና ገመድ ያደነደናቸው ጣቶች ምንም አልነገሩትም። እስከ ማታ ሞከረ። ከዚያ በገናውን ቀስ አድርጎ አስተኛና፣ "ጌታዬ፣ እኔ አንድ ቀንም አልረሳሁትም። ጣቶቼ ግን ረሱት" ብሎ ወጣ።

ፍቅር ሰውን ወደ ሙያው ይጠራዋል፤ እዚያ የሚያኖረው ግን የልፋቱ ዋጋ ነው። ሥራውን የሚወድ ሰው ሲሄድ በጩኸት አይሄድም፤ እየወደደ ይሄዳል። የሄደ ሰው ሊመለስ ይችላል፤ የሄደ ሙያ ግን ሁልጊዜ አይመለስም።

እስቲ እናስብ፦ "እሱ እኮ ለፍቅሩ ነው የሚሠራው" እያልን የስንት ዓመት ልምዱን ያራከስንበት ሰው በአጠገባችን ማን አለ? ምናልባት ገና አልሄደም ይሆናል።