ጅማቱ የተቆረጠ መጽሐፍ

አንድ ሰው ነበረ፤ ከአያቱ የመጣ አንድ መጽሐፍ ነበረው።

በሬም ማሳም ነበረው፣ የሚኮራው ግን በመጽሐፉ ነበር። የመድኃኒት መጽሐፍ ነው፤ ስድስት ጥራዝ ብራና፣ በጅማት የተሰፋ፣ በቀይ ቆዳ የተለበጠ። አያትየው ዕድሜውን በሙሉ ቆላ ደጋ ሲል፣ ሥር ሲምስ፣ ቅጠል ሲቀምስ ኖሮ ነው የጻፈው። በፊተኞቹ ሦስት ጥራዞች የየበሽታውን ምልክት ጻፈ፤ በኋለኞቹ ሦስት መድኃኒቱን። የመጀመሪያው በሽታ መድኃኒት የመጀመሪያው ነው፣ የሁለተኛው ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። በየመድኃኒቱ ራስ ላይ የበሽታውን ስም አልደገመውም። ብራና እንደ ልብ አይገኝም፤ ተራው ራሱ ይናገራል ብሎ ነው።

ምን ያቁነጠንጥሃል አንዷለም? ጥያቄህን የሸሸሁ መሰለህ? «የኔታ፣ አዋላጅ ነርሶችን የማስተምርበትን መጽሐፍ ላቤን አንጠፍጥፌ ነው የጻፍኩት፤ በፈለግሁት ዋጋ ብሸጠው፣ በየዓመቱም ባሳድሰው፣ ተማሪ ስላጉረመረመ ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ?» ነው ያልከኝ። ይዤዋለሁ። የደከመው ጉልበቴ እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ይልቅ ሚስትህ እንዴት ናት? ወሯ ገብቷል አሉ። እሷን በሰላም ይገላግላት። በል አሁን አርፈህ ስማ።

የዚያ አገር ልማድ እንዲህ ነበር። መድኃኒት መማር የፈለገ ሰው ከባለመጽሐፉ ደጅ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል። ብራናውን ራሱ ፍቆ፣ ቀለሙን ራሱ በጥብጦ፣ ከመጽሐፉ ይገለብጣል፤ የገለበጠውን አጥንቶ ለመምህሩ በቃሉ ያሰማል። ካሰማ ይመረቃል። ያልተመረቀ ሰው መድኃኒት ቢሰጥ ከእጁ የሚቀበለው የለም። ተመርቆ የሚሄድ ደግሞ የገለበጠውን ለሚተካው ተማሪ ትቶለት ይሄዳል። እሱ በሆዱ ይዞታል፤ ብራናው ምን ያደርግለታል? በአያትየውም በአባትየውም ዘመን የመምህሩ ዋጋ እንጨት መልቀምና ውሃ መቅዳት ነበር።

ሰውየው ግን፣ «መጽሐፉ የኔ፣ የጻፈው አያቴ፣ ስለምን በነጻ?» አለና በየጥራዙ አንዳንድ በግ ቆረጠ። ይህን ክፉ አደረገ አልልህም። የሚያበራይ በሬ አፉ አይታሰርም። በመጀመሪያው ዓመት በግ በበግ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት አንድም አልመጣ። ቢያጣራ፣ አዲሶቹ ተማሪዎች ከነባሮቹ በወረሱት ብራና ነው የሚያጠኑት።

ይህኔ ደሙ ፈላ። ቢላ አመጣና የመጽሐፉን ጅማት ቆረጠው። የበሽታዎቹን የብራና ቅጠሎች እርስ በርስ፣ የመድኃኒቶቹንም እርስ በርስ አደበላልቆ፣ ፊት የነበረውን ኋላ፣ ኋላ የነበረውን መሃል አድርጎ መልሶ ሰፋው። «ከእንግዲህ የሚሰማው በዚህ ተራ ነው። በድሮው ተራ ያሰማ አይመረቅም» አለ።

«መምህር፣ ታዲያ የቱ መድኃኒት ለየቱ በሽታ እንደሆነ በምን እናውቃለን?» አሉት ተማሪዎቹ።

«እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። በምርቃታችሁ ቀን እነግራችኋለሁ» አላቸው። ብራና እንደ ልብ አይገኝምና የድሮውን ግልባጭ ፍቀው አዲሱን ጻፉበት።

አንዲት ፊደል አልጨመረም፤ አንዲት ሥር አልማሰም። የጨመረው ስፌት ብቻ ነው። በጎቹ ግን ተመልሰው መጡ። ሲመጡለት ጊዜ በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ጅማቱን መቁረጥ፣ ቅጠሉን ማደበላለቅ ልማድ አደረገው።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ዓመት ከቆላ አንድ ድሃ ወጣት መጣ። በሱ አገር የልጆችን ጉሮሮ የሚዘጋ በሽታ ነበር። እሱ ራሱ ሁለት እህቶቹን ባንድ ሳምንት ቀብሯል። ያገሩ ሰው አዋጥቶ ሁለት በግ ገዛና፣ «ሂድ፣ ተምረህ ና፤ የቀሩትን እንኳ አትርፍልን» ብሎ ላከው። ወጣቱ ያን አደራ ተሸክሞ ነው ሁለት ቀን በእግሩ የመጣው።

በሁለቱ በግ ሁለት ጥራዝ ገለበጠ። ለሦስተኛው በግ ሲያጣ ክረምቱን ሙሉ የባለመጽሐፉን ማሽላ አረመለት፣ በበጋውም አጨደለት። ወገቡ እስኪቆረጥ ሠራ። ሦስተኛው ጥራዝ ሲፈቀድለት፣ ከመሃሉ የጉሮሮውን በሽታ አገኘው። ምልክቱ አንድም ሳይቀር ተጽፏል፦ እንጥሉ ላይ ነጭ ነገር ይጋግራል፣ በሦስተኛው ቀን ድምፅ ይጠፋል፣ በአምስተኛው ይገድላል። እህቶቹ ናቸው። ብዕሩን አስቀምጦ አለቀሰ። የጠላቱን ስም አገኘ እንግዲህ፤ መድኃኒቱ ከሚቀጥሉት ሦስት ጥራዞች በአንዱ ውስጥ አለ። ሦስት በግ!

ወደ እናቱ ላከባት። «ልጄ፣ የቀረችን ያቺ የነጠፈችው ላም ናት፤ እሷንም በሽታ ያዛት» ብላ መለሰችለት። ያገሩም ሰው ዝናብ ቀርቶበት ዘሩን እየበላ ነበር።

ወደ ባለመጽሐፉ ገባ። ሰውየው ያን ሰሞን ልጁ ሴት ልጅ ወልዳለት፣ አያት ሆኖ ደስ ብሎታል። ለጥራዝ ከመጡት በጎች አንዱን አሳርዶ ይበላ ነበር። ወጣቱ እግሩ ላይ ወደቀ።

«መምህር፣ መገልበጡ ይቅርብኝ። አጠገብዎ ተቀምጬ አንዴ ብቻ ላንብበው። ብዕር አልይዝም፣ እጄን ወደ ኋላ ይሰሩኝ።»

«ዓይንም ይጽፋል» አለው ሰውየው፣ አጥንቱን እየጋጠ።

«ያገሬ ልጆች እያለቁ ነው መምህር!»

«ታዲያ ላገርህ ልጆች አንድ በግ አጣህ? በነጻ የተገኘ ትምህርት አይከበርም፤ ለራስህ ብዬ ነው።»

ስማ እንግዲህ! ለራሱ ብሎ ኖሯል።

ሊመረቅ የደረሰ አንድ ነባር ተማሪ ግን አዘነለትና የኋለኞቹን ሦስት ጥራዞች ግልባጭ በጋቢው ሸፍኖ ሰጠው። ወጣቱ ደስታው ሌላ ሆነ። ሳምንት ሙሉ ምግብ ረስቶ አጠና። ወሩ ሳይሞላ ክረምቱ ሊገባ ሆነ፣ ቢላውም ወጣ፣ ጅማቱም ተቆረጠ። ወጣቱ ሊያሰማ ቀርቦ ሁለት ቅጠል ያህል እንደተናገረ ሰውየው ሳቀና፣ «ይኼማ ያምናው ነው!» ብሎ አስቆመው።

ሳይመረቅ ወጣ። የቱ ለየቱ እንደሆነ ሳይነገረው ወጣ። ከመድኃኒቶቹ ውስጥ ለሌላ በሽታ ቢሰጥ ጀንበር ሳትጠልቅ የሚገድል አለ። በግምት የሰው ልጅ አልገድልም ብሎ፣ የተሰጠውን ግልባጭ ለሰጠው ልጅ መልሶ ወደ አገሩ ሄደ።

ያገሩ ሰው በእልልታ ተቀበለው። በሳምንቱ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ መጣች። አፉን ከፈተ፣ እንጥሉን አየ። «የጉሮሮው ነው። ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው» አላት።

«ተመስገን፣ አወቅክልኝ! መድኃኒቱንስ?»

ምን ይበላት? ልጁ ባለው ቀን ሞተ። ቀጥሎም ሌላ መጣ፣ እሱም ባለው ቀን ሞተ። ውሎ አድሮ ስም አወጡለት፤ «ቀን ነጋሪ» አሉት። እናቶች ሲያልፍ ካዩት ልጆቻቸውን በነጠላቸው ይከልሉ ጀመር። ያ አደራ ተቀብሎ የሄደ ልጅ ከሁሉ በታች ሆነ። እኔን ቢጠይቁኝ፣ ምንም ሳይማር ቢቀር ይሻለው ነበር። ግማሽ ልጩ ግማሽ ጎፈሬ አድርገው ለቀቁት።

ዓመታት ሄዱ። ከባለመጽሐፉ ደጅም ተማሪው እየሳሳ ሄዶ ጎጆዎቹ ፈረሱ። የተመረቁትም እንጀራ ወዳለበት ሩቅ አገር ተበታትነዋል። ሰውየው ዓይኑን ሞራ ጋረደው። ደስታው ያቺ የልጅ ልጁ ብቻ ሆነች፤ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እጁን ይዛ የምታወጣው የምታገባው እሷ ናት። አንድ ቀን ጠዋት «አያ፣ ጉሮሮዬን» አለችው።

በየአቅጣጫው በፈረስ ሰው ሰደደ። በቅርብ የተገኘ አንድ ሰው ነበር፤ ቀን ነጋሪው። መጣ። ክፉ ልብ ቢኖረው ይቀር ነበር፣ ግን የሁለት ቀኑን መንገድ በአንድ ቀን ተኩል ገሠገሠና መጣ። የልጅቱን አፍ ከፈተ፣ ዘጋ።

«የጉሮሮው ነው። ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ድምጿ ሄዷል።»

«መድኃኒቱን ንገረኛ!»

«እሱ ካላሳዩኝ ጥራዝ ውስጥ ነው መምህር።»

ሰውየው በዳበሳ ሄዶ መጽሐፉን ከማኅደሩ አወጣና እቅፉ ውስጥ ጣለለት። «ይኸው! በነጻ ነው! አንብብ፣ ሁሉንም አንብብ!»

ቀን ነጋሪው ገለጠው። ቅጠሎቹ ከመርፌ ብዛት ጠርዛቸው ተበጣጥሷል፤ ገሚሱ ከስፌቱ ወጥቶ በእጁ ላይ ቀረ። አርባ መድኃኒት አለ። የቱ ነው የጉሮሮው?

«መምህር፣ ተራውን ይንገሩኝ። ስንተኛው ነው?»

«አውቀዋለሁ፤ በቃሌ ነው» አለ ሰውየውና በጣቱ መቁጠር ጀመረ። «አሥራ አንደኛው... የለም፣ እሱ ድርቅ በሆነበት ዓመት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ኋላ ወስጄዋለሁ። ከሬቱ በፊት ነው... ከሬቱ በፊት ያለውን ደግሞ...» ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። አያቱ ዕድሜውን የሰጠበት ተራ ከመጽሐፉ ላይ አስቀድሞ ጠፍቷል፤ አሁን ከሰውየውም ራስ ውስጥ እንደጠፋ አወቀው። ጣቱን ዘርግቶ ቀረ። ልጅቱ በዓይኗ ብቻ ታየዋለች፣ ድምፅ የላትም።

አንዱን በግምት መረጡ። ቀን ነጋሪው ቀጠቀጠው፣ በማር ለወሰው፣ አጠጣት። በአምስተኛው ቀን ሞተች። መጽሐፉ ያለው ቀን አልተዛነፈም፤ ድሃው የተማራትን ግማሽ አጥርቶ ነበር የተማረው።

ከቀብር መልስ ሰውየው፣ «መጽሐፉን ውሰደው፣ ያንተ ይሁን» አለው።

«አሁን ምን ያደርግልኛል?» አለና ቀን ነጋሪው በመጣበት መንገድ ተመለሰ። የሰውየውን ኋላ አልነግርህም፣ ይበቃል።

እንግዲህ አንዷለም፣ ሰውየው በግ ተቀበለ ብዬ አልነቀፍኩትም፤ አንተንም ለድካምህ ዋጋ ለምን ተቀበልክ አልልህም። ዋጋውን የነገርከኝ ቀን የጥማድ በሬ የገዛህ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፣ ግን እሱን እንተወው። እኔ የማወራህ ስለ ቢላው ነው። በየዓመቱ ምዕራፍ ሁለትን ስምንት፣ ስምንትን አምስት ታደርጋለህ፤ ሽፋኑን ከሰማያዊ አረንጓዴ ታደርግና፣ «ያምናውን ይዞ የመጣ ክፍል አይገባም» ትላለህ። ታላቅ ለታናሽ መጽሐፍ እንዳያወርስ ጅማቱን ትቆርጣለህ። ላቤ ያልከው የመጀመሪያውን መጽሐፍ ነው፤ የቀረው ስፌት ነው። እኔ በልጅነትህ ንባብ ያስተማርኩህ፣ ከጓደኛህ በተዋስከው ዳዊት ነበር። ረሳኸው?

አትነሣ፤ አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከተማሪዎችህ አንዷ ገና ስትማር እዚህ ደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጣ ስታለቅስ አግኝቻት ነበር። የመጽሐፍህን ግማሽ ከጓደኛዋ ተውሳ ኮፒ አስደረገች፤ ለቀሪው ግማሽ ገንዘብ አጣች። «የኔታ፣ ባላነበብኩት ብፈተን እወድቃለሁ» አለችኝ። እኔም አይዞሽ ብዬ ሸኘኋት። አልወደቀችም። ለማለፍ ግማሹ ይበቃል ለካ! ተመረቀች፣ ነጭ ልብሷን ለብሳ ልትስመኝ መጣች፣ ሥራም ይዛለች።

የት መሰለህ? ሚስትህ ካርድ ባወጣችበት ጤና ጣቢያ፣ ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ። ያነበበችው የትኛውን ግማሽ እንደሆነ እኔ አልጠየቅኳትም። ሂድና አንተ ጠይቃት።