የጽጌሐና ስምና እንቢተኛው በሬ

ተረቴን ላምጣ፤ የሚሰማ ጆሮ ይምጣ!

በድሮ ዘመን፣ ነገሥታት በድንኳን ሲኖሩ፣ ጽጌሐና የምትባል አንዲት ልጅ ነበረች። ድምፅዋ በጣም ቀጭን ስለሆነ ዶሮዎችን "እሽ!" ስትል እንኳ ዞር ብለው አያዩአትም ነበር። እናቷ ማርያም ክብራ የንጉሥ ልጅ ነበረች፤ አሁን ግን በሕይወት የለችም። ጽጌሐና እናቷ በተወችላት መሬት ላይ ከሞግዚቷ ጋር ትኖር ነበር።

በዚያ አገር የነገሥታቱ ዘር ሁሉ በአንድ ረጅም የብራና ጥቅልል ላይ ይጻፋል። ከላይ የመጀመሪያው ንጉሥ፣ ከንጉሡ ሥር ልጆቹ፣ ከልጆቹ ሥር የልጅ ልጆቹ፤ እንዲህ እያለ እንደ ሐረግ ወደ ታች ይወርዳል። ስሙ እዚያ ያልተገኘ ሰው ርስት አይደርሰውም። የማርያም ክብራ ስም ከብራናው ግርጌ ተጽፏል። ከእርሷ ስም ሥር ግን ባዶ ነው። የጽጌሐና አጎት ዘዮሐንስ ይህን ባዶ ቦታ አየና፣ "እኅቴ ልጅ የላትም ማለት ነው፤ መሬቱ የእኔ ነው" አለ።

"እኔስ፣ አጎቴ?" አለች ጽጌሐና።

"አንቺማ አለሽ። ብራናው ላይ ግን የለሽም።"

በዚያው ቀን የንጉሡ መልእክተኛ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጥቅልሉን በበቅሎ ጭኖ ሊሄድ ነበር። በንጉሡ ፊት ይነበባል፤ መሬትም እንደተነበበው ይሰጣል። ስለዚህ ጽጌሐና ወደ ጸሐፊው ወደ አባ ዘሚካኤል ሮጠች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው። አንድ ስም ብቻ።

"አባ፣ ስሜን ከእናቴ ስም ሥር ይጻፉልኝ።"

"ልጄ፣ ክርስትና ስትነሺ እዚያው ነበርኩ። በለቅሶሽ ጆሮዬን አደንቁረሽው ነበር፤ ያ ድምፅ የት ገባ?" አሉ አባ ዘሚካኤል። "ብራናው አለ፤ ቀለሙም ማስቀመጫ ቀንዱን ሞልቷል። ይህ ብርዕ ግን እንቢ ብሎኛል። እስቲ አንቺ ለምኚው።"

ጽጌሐና ብርዑን ለመነችው። ብርዑም፣ "ጫፌ ተፈርክሷል። እንዲህ ሆኜ የንጉሥ ዘር ልጻፍ? ቢላዋዋ ሳትቀርጸኝ አልጽፍም" አለ።

ብርዑ አልጽፍም አለ፤ የጽጌሐናም ስም ሳይጻፍ ቀረ።

ወደ ቢላዋዋ ሄደች። "እመት ቢላዋ፣ ብርዑን ቅረጪልኝ።"

"በዚህ አፌ?" አለች ቢላዋዋ። "ዱልዱም ነኝ እኮ! ትናንት ጎመን አልቆርጥ ብዬ ተሰድቤአለሁ። መሳያው ድንጋይ ሳይስለኝ አልቀርጽም።"

ቢላዋዋ አልቀርጽም አለች፤ ብርዑ አልጽፍም አለ፤ የጽጌሐናም ስም ሳይጻፍ ቀረ።

ወደ መሳያው ድንጋይ ሄደች። "አያ ድንጋይ፣ ቢላዋዋን ሳልልኝ።"

"እንዲህ ደርቄ? ደረቅ ድንጋይና ብረት ሲገናኙ ትርፉ ጩኸት ነው። ምንጯ ውኃ ሳትሰጠኝ አልስልም" አለ ድንጋዩ።

ድንጋዩ አልስልም አለ፤ ቢላዋዋ አልቀርጽም አለች፤ ብርዑ አልጽፍም አለ፤ የጽጌሐናም ስም ሳይጻፍ ቀረ። ፀሐይዋም ማዘቅዘቅ ጀመረች።

ድንጋዩን ታቅፋ ወደ ምንጯ ወረደች። "እመት ምንጭ፣ ለድንጋዩ ትንሽ ውኃ ስጪልኝ።"

"የቱን ውኃ?" አለች ምንጯ። "ዓይን የለሽም? ጭቃ ሆኛለሁ! ይህ በሬ መሐሌ ላይ ተገትሮ እያቦካኝ ነው። እርሱ ሳይወጣ ጠብታ አልሰጥም።"

እውነትም አንድ ትልቅ በሬ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆሟል። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ ይሉታል። ዳር ላይ ደግሞ ባለቤቱ፣ ደርሶ የሚባለው ገበሬ፣ አለንጋውን ጥሎ ራሱን ይዞ ተቀምጧል።

"አያ በሬ፣ ከምንጯ ውጣልኝ" አለች ጽጌሐና።

"አልወጣም።"

በሬው አልወጣም አለ፤ ምንጯ አልሰጥም አለች፤ ድንጋዩ አልስልም አለ፤ ቢላዋዋ አልቀርጽም አለች፤ ብርዑ አልጽፍም አለ፤ የጽጌሐናም ስም ሳይጻፍ ቀረ።

"አትልፊ፣ ልጄ፤ አብዷል" አለ ደርሶ። "ጠዋት ደህና እያረስን ነበር። ድንገት ቀንበሩን ጥሎ እዚህ ገባ።"

"ድንገት?" አለ በሬው። "ንገራት እንጂ! ለምን አትነግራትም?"

በዚያ አገር ገበሬ ሲያርስ በሬዎቹን በእናታቸውና በአያታቸው እየጠራ ያዜምላቸዋል። በሬ ዘሩ ሲነሣለት ቀንበሩ ይቀለዋል። ደርሶ ግን በዚያ ቀን ሲያዜም ቦራን ረስቶታል።

"አብሮኝ የሚጠመደውን የጉብልን እናት አወደሰ። የጉብልን አያት አወደሰ። ወደ እኔ ሲደርስ 'ና ዙር!' ብቻ።"

"ውይ! ዘለልኩት እንዴ?" አለ ደርሶ። "ጉሮሮዬ ደርቆ ነዋ!"

"ለጉብል እናት ሲሆን አልደረቀም!"

"እሺ፣ አሁን ላዚምልህ።"

"አሁንማ ብታለቅስልኝም አልሰማህም።"

ጽጌሐና ድንጋዩን ታቅፋ ወደ ጭቃው ዳር ቀረበች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እኔንም ዘለውኛል" አለች።

በሬው አንድ ጆሮውን አዞረ። "ማን?"

"ብራናው። የእናቴ ስም አለ፤ የእኔ የለም።" ወደ ጭቃው ሁለት እርምጃ ገባች። "የእናትህ ስም ማን ነው?"

በሬው ጭንቅላቱን ወደ እርሷ አዞረ። ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም ነበር። "ዳለቻ" አለ።

"የእርሷስ እናት?"

"ዛጎሌ።"

"ያቺ ቀንደ ረጅሟ?" አለ ደርሶ።

"አንተ ዝም በል!"

ጽጌሐና በሰው ፊት አዚማ አታውቅም። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ቢሆንም አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን እንደ ትንኝ ድምፅ ነበር።

"አልሰማሁም" አለ በሬው።

እንደገና ሞከረች። "አሁንም አልሰማሁም።" ይኼኔ ጽጌሐና ተናደደች። ዓይኗን ጨፍና፣ ተራራው እስኪመልስላት ድረስ ለቀቀችው፦

"ቦራዬ የዳለቻ ልጅ፣ የቀንበር የሞፈር ወዳጅ፤
ዳለቻ የዛጎሌ ልጅ፣ የለምለም የመስኩ ወዳጅ!"

በሬው ዓይኑን ጨፈነ። ጭራውን አወዛወዘ። "ዛጎሌ የምትለዋን አንዴ ድገሚያት" አለ። ደገመችለት። ከዚያ አንድ እግሩን ነቀለ፤ ሌላውንም ነቀለ።

በሬው ወጣ! በሬው ሲወጣ ምንጯ ጠራች፤ ምንጯ ስትጠራ ድንጋዩ ውኃ ጠጣ፤ ድንጋዩ ሲጠጣ ቢላዋዋን ሳለ፤ ቢላዋዋ ስትሳል ብርዑን ቀረጸች፤ ብርዑም ሲቀረጽ የቀለሙ ቀንድ ውስጥ ጥልቅ አለ፤ አባ ዘሚካኤልም ከማርያም ክብራ ስም ሥር ጻፉ።

ደርሶና በሬው ነገሩን ለማየት ከኋላዋ ተከትለው መጥተው በር ላይ ቆመዋል። መልእክተኛው ግን በቅሎውን ጭኖ ይቁነጠነጣል።

"ቶሎ ይጠቅልሉት፣ አባ! ፀሐይ ልትጠልቅ ነው!"

"ቀለሙ እርጥብ ነው" አሉ አባ ዘሚካኤል። "አሁን ቢጠቀለል ስሟ በአያቷ በንጉሡ ስም ላይ ይታተማል። ይህን ለንጉሡ አንተ ታስረዳለህ?"

መልእክተኛው ይህን ማስረዳት አልፈለገም። ስለዚህ ጥቅልሉን እንደተዘረጋ ወደ ቀረችው ፀሐይ አወጡት። መልእክተኛው የላይኛውን ጫፍ ያዘ፤ ደርሶ መሐሉን ያዘ። አባ ዘሚካኤልና ጽጌሐና ስሙ ላይ እፍ ይላሉ። በሬውም እፍ ሊል ነበር፤ ራቅ በል አሉት።

ይህን ጊዜ አጎቷ ዘዮሐንስ ደረሰ። "ምንድን ነው የተሰጣው?"

"ግርጌው እየረገበ ነው!" ብሎ ጮኸ መልእክተኛው። "አንተ ሰውዬ፣ ምን ትገተራለህ? ያዝ እንጂ! አፈር ከነካ አንተን ነው የምከሰው!"

ዘዮሐንስ ደንግጦ በሁለት እጁ ያዘ። የያዘውም ልክ ከታች፣ የእኅቱ ስም ያለበት ላይ ነበር። ከእርሱ ሥር ያለው ቀለም ገና ያበራል።

"ይህ ማን ነው?" አለ።

አባ ዘሚካኤል ሊመልሱ ሲሉ ጽጌሐና ቀደመቻቸው። "ማርያም ክብራ ጽጌሐናን ወለደች፤ ይላል" አለች። መንደሩ በሙሉ ሰማ።

ዘዮሐንስ ብራናውን አየ፤ ልጅቱንም አየ። ሊለቅ አልቻለም፤ ቢለቅ አፈር ይነካል። ስለዚህ ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስ የእኅቱን ልጅ ስም ከፍ አድርጎ ይዞ ቆመ።

በመጨረሻ አባ ዘሚካኤል በጣታቸው ነካ አደረጉትና፣ "ደርቋል" አሉ። ጥቅልሉ ተጠቀለለ፤ በበቅሎ ተጫነ፤ ጽጌሐናም በብራናው ላይ ሆና ከእናቷና ከነገሥታቱ ጋር ሄደች። እርሷ ራሷ ግን በመሬቷ ላይ ቀረች።

ተረቴ እዚህ ተጠቀለለ፤ የወደደ ይተርትረው።